ወንዙን ለብቻ፣ ሐይቁን ለብቻ ማስላት ለምን አይበቃም

በዲመካ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለግብርናና ውኃ ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ርዕስ ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው ከዲመካ እጅግ የራቀ ይመስላል። የተለያዩ የተፈጥሮ ሕጎች በተለያዩ ቀጠናዎች ሲሠሩ፣ ቀጠናዎቹም ወሰን ላይ ሲነካኩ፣ ውጤቱን በቁጥር የምናገኘው እንዴት ነው የሚል ጥያቄ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ የሚነድፉ፣ የአየር ንብረት የሚያጠኑ፣ የደም ዝውውርን የሚመረምሩ ሰዎች በየዕለቱ የሚታገሉት ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ለደቡብ ኦሞ ሰው ግን ጉዳዩ ከዚያ ሁሉ ይቀርባል። ከዚህ በስተምዕራብ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ ወይጦ ወደ ጨው ባሕር ያቀናል። በመካከላቸው ደግሞ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈሱ፣ ከዚያ በኋላ አሸዋ ሆነው የሚከርሙ ወንዞች አሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ውኃው አንድ ነው፤ የሚገዛው ሕግ ግን እንደየቦታው ይለያያል።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው። ትልቅ ችግር ተከፋፍሎ ሊሰላ ይችላል፤ እያንዳንዱም ባለሙያ የየራሱን ድርሻ በየራሱ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን የየክፍሉ መልስ እውነተኛ መልስ የሚሆነው ክፍሎቹ በጋራ ወሰናቸው ላይ ሁለት ነገር ሲለዋወጡና እስኪስማሙ ድረስ ልውውጡን ሲደጋግሙ ነው። አንዱ እንደ ውኃ ከፍታ ወይም እንደ ሙቀት ዲግሪ ያለ የደረጃ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የፍሰት ቁጥር። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ እያንዳንዱ ለብቻው ትክክል ሆኖ ሳለ ድምሩ ይሳሳታል።

በቅርባችን ካለው እንጀምር። በበጋ ወራት በሐመር ምድር እናቶችና ልጃገረዶች የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውኃ ይቀዳሉ። ይህ ውኃ በዝናብ ወቅት የመጣው ጎርፍ ትቶት የሄደ ነው። ጎርፉ ሲመጣ አብዛኛው ላይ ላዩን ያልፋል፤ ከፊሉ ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ላይኛው ውኃ የሚሄድበትን ሕግ ፈረንሳዊው ሳን-ቬናን እ.ኤ.አ. በ1871 በእኩልታ ጽፎታል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ በሜትር ይቆጠራል። አሸዋ ውስጥ የሚሄደውን ውኃ ሕግ ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ አንሪ ዳርሲ የዲዦን ከተማን የውኃ አገልግሎት ሲሠራ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1856 አሳትሞታል። በዚያ ሕግ መሠረት ፍሰቱ የውኃው ግፊት ከቦታ ቦታ በሚያሳየው ልዩነት ልክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በአሸዋ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ፍጥነት በቀን በሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ይለካል። ጎርፉ በሰዓታት ያልፋል፤ አሸዋው የያዘው ለወራት ይቆያል።

የሁለቱ የጋራ ወሰን የወንዙ ወለል ነው። እዚያ ላይ ሁለት ግዴታዎች አሉ። ከላይ ያለው ግፊት ከታች ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ የወጣው የውኃ መጠንም ከታች ከገባው ጋር እኩል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1967 ቢቨርስና ጆሴፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ሦስተኛ ግዴታ ጨመሩ፤ ውኃ በሚያሳልፍ ወለል ላይ የሚሄድ ፈሳሽ ወለሉ ጋ ሲደርስ ፈጽሞ አይቆምም፤ በመጠኑ ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ጎርፉን ብቻ የሚያሰላ ባለሙያ የት እንደሚሳሳት ወዲያው ያያል። ወለሉን ውኃ የማያስገባ አድርጎ ከወሰደ ወደ ታች የሚደርሰውን ጎርፍ አብዝቶ ይገምታል። የጉድጓድ ውኃ የሚያጠናው ባለሙያ በበኩሉ ጎርፉ ምን ያህል ከፍ ብሎ ስንት ሰዓት እንደቆየ ካልነገሩት በአሸዋው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ሊናገር አይችልም። ጥሩ ሻካራ አሸዋ ከይዘቱ ሩብ ያህል የሚቀዳ ውኃ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ባለሙያዎች ተነጋገሩ አልተነጋገሩ የሚለው ጉዳይ በበጋ ስንት ቤተሰብ ውኃ ያገኛል የሚለውን ይወስናል።

ታዲያ ሁሉንም እኩልታ በአንድ ላይ አድርገን ለምን አንፈታም? አንዳንድ ጊዜ ይቻላል፤ አንዳንዴም የሚሻለው እሱ ነው። ግን ዋጋው ከባድ ነው። በተለመደው የማስወገድ ዘዴ የማይታወቁት ቁጥሮች በእጥፍ ሲጨምሩ ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሺህ የማይታወቁ ቁጥሮች ያሉበትን ችግር አምስት መቶ አምስት መቶ አድርገን ብንከፍለው የሁለቱ ድምር ሥራ ከመጀመሪያው ሩብ ብቻ ነው፤ ሁለት ኮምፒዩተሮች ቢካፈሉት ደግሞ ጊዜው ከዚያም ያንሳል። ሌላም ምክንያት አለ። የጎርፍ ፕሮግራም የሠሩትና የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። የሁለቱን የዓመታት ልፋት ጥሎ ከዜሮ አዲስ ከመጻፍ ሁለቱን ማነጋገር ይቀላል። ችግሩ እንዴት ይነጋገሩ የሚለው ነው።

የዚህ መልስ ከኮምፒዩተር በፊት የተገኘ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ታላቁ የጀርመን የሒሳብ ሊቅ ሪማን ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ መስክ እኩልታ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሮ ነበር፤ የጠርዙ ሁኔታ ከታወቀ በውስጡ መልስ ሁልጊዜ አለ የሚል። ቫየርሽትራስ የተባለው ሌላው ሊቅ ማረጋገጫው ቀዳዳ እንዳለበት አሳየ። ያን ቀዳዳ ለመድፈን ከተነሱት አንዱ ሄርማን አማንዱስ ሽቫርስ ነው። ያኔ ለክብና ለአራት ማዕዘን መልሱ ይታወቅ ነበር። ሽቫርስ እ.ኤ.አ. በ1870 ክብና አራት ማዕዘን ተደራርበው የሠሩትን ቅርጽ ወሰደ። ክቡን ለብቻው ፈታ፤ ከዚያ ያገኘውን ቁጥር ለአራት ማዕዘኑ ጠርዝ ሰጠ፤ አራት ማዕዘኑን ፈትቶ ውጤቱን ለክቡ መለሰ። ይህን እያፈራረቀ ሲደጋግም መልሱ ወደ አንድ እውነተኛ መልስ እንደሚጠጋ አረጋገጠ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ብዙ ማቀነባበሪያ ያላቸው ኮምፒዩተሮች ሲመጡ ዘዴው እንደገና ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1987 በፓሪስ በዚህ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 የፊልድስ ሜዳልያ የተሸለመው ፒዬር-ሉዊ ሊዮንስ የሽቫርስን ሐሳብ በስፋት ያጠናውና ሳይደራረቡ ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ ለሚነካኩ ቀጠናዎች ያመቻቸው በዚያ ዘመን ነው።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አውጡ። 1 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ዘንግ አለ። ግራ ጫፉ 0 ዲግሪ፣ ቀኝ ጫፉ 100 ዲግሪ ላይ ተይዟል። ሙቀቱ ሲረጋ በየሴንቲሜትሩ አንድ ዲግሪ እንደሚጨምር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ 60ኛው ሴንቲሜትር ላይ 60 ዲግሪ ነው። ይህን ረስተን ሥራውን ለሁለት ተማሪዎች እናካፍል። የመጀመሪያው ከ0 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይይዛል፤ ሁለተኛው ከ40 እስከ 100። ከ40 እስከ 60 ያለው የጋራ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ በ60 ላይ ያለውን ስለማያውቅ 0 ዲግሪ ብሎ ይጀምር። ከዚያ በ40 ላይም 0 ያገኛል፤ ይህን ለጓደኛው ይነግረዋል። ጓደኛው ከ0 እስከ 100 ዲግሪ በ60 ሴንቲሜትር ውስጥ ዘርግቶ፣ በ60ኛው ሴንቲሜትር ላይ 33.3 ዲግሪ ነው ብሎ ይመልስለታል። በሁለተኛው ዙር ቁጥሩ 48.1 ይሆናል፤ በሦስተኛው 54.7፣ በአራተኛው 57.7፣ በአምስተኛው 59 ገደማ። ሁለቱም ሙሉውን ዘንግ ሳያዩ ወደ 60 እየተጠጉ ነው። በየዙሩ ስህተቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

አሁን የጋራውን ክፍል እናጥብበው። አንዱ እስከ 51፣ ሌላው ከ49 ጀምሮ ይያዝ። ተመሳሳይ ትክክለኛነት ላይ ለመድረስ 50 ዙር ገደማ ያስፈልጋል። የጋራውን ክፍል ጨርሰን ብናጠፋውና በ50 ላይ ብቻ ቢነካኩ፣ ልውውጡም የሙቀት ዲግሪ ብቻ ቢሆን፣ አንዱ የነገረውን ሌላው መልሶ ስለሚነግረው ለዘላለም አይንቀሳቀሱም። ሁለቱም 0 ዲግሪ ተባብለው ይስማማሉ፤ ስምምነታቸው ግን ውሸት ነው። ምክንያቱም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው ሙቀት በወሰኑ ላይ አይገጥምም። ከዚህ ትልቅ ትምህርት አለ። የጋራ መሬት ያላቸው ሁለት ወገኖች ደረጃ ብቻ እየተለዋወጡ ወደ እውነት ሊደርሱ ይችላሉ። ወሰን ለወሰን ብቻ የሚነካኩ ግን ደረጃውንም ፍሰቱንም መለዋወጥ ግድ ይላቸዋል።

እንግዲህ በ50 ሴንቲሜትር ላይ አንዱ ዲግሪ ይቀበል፣ ሌላው የሙቀት ፍሰት ይቀበል። የግራው ተማሪ «60 ዲግሪ ነው» የሚል ግምት ይዞ ይጀምር። ሲያሰላ በየሴንቲሜትሩ 1.2 ዲግሪ ያገኛል፤ ይህን ለቀኙ ይሰጣል። ቀኙ ከ100 እየቀነሰ መጥቶ ወሰኑ ላይ 40 ያገኛል። ግራው 40 ተቀብሎ ሲያሰላ ቀኙ መልሶ 60 ይለዋል። 60፣ 40፣ 60፣ 40 እያሉ ይቀራሉ። እውነተኛው 50 መካከላቸው ቁጭ ብሎ ሳለ አይነኩትም። ቅዳሜ እዚሁ ገበያ ላይ ፍየል ሻጭ 4 ሺህ ብር ሲል ገዢ 3 ሺህ ቢል፣ ቀጥሎ ሻጩ በገዢው ዋጋ፣ ገዢውም በሻጩ ዋጋ እየተተኩ ቢጮሁ ገበያው አይዘጋም። የሚዘጋው ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሲሄዱ ነው። በስሌቱም የቀደመውን ግምትና አዲሱን መልስ አማካይ ብንወስድ በአንድ ዙር 50 ላይ እንደርሳለን።

ግን ማን ምን ይቀበል የሚለውም ከባድ ጉዳይ ነው። ግራው ግማሽ ብረት፣ ቀኙ ግማሽ እንጨት ይሁን። ብረት ሙቀትን ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ አብልጦ ያስተላልፋል። ብረቱ ዲግሪ ተቀብሎ ፍሰት የሚሰጥ ቢሆን፣ በዲግሪው ላይ ያለች ትንሽ ስህተት በየዙሩ በመቶዎች ጊዜ እየተባዛች ስሌቱን ታፈነዳዋለች። ሥራውን ብናቀያይርና እንጨቱ ዲግሪ ተቀብሎ ፍሰት ቢሰጥ፣ ብረቱም ፍሰት ተቀብሎ ዲግሪ ቢመልስ፣ ያው ስህተት በየዙሩ በመቶዎች ጊዜ ያንሳል። እኩልታው አንድ ነው፤ ዘንጉም አንድ ነው። የተለወጠው በወሰኑ ላይ የተሰጠው የሥራ ድርሻ ብቻ ነው። የሚነካኩት ፈሳሽና የሚንቀሳቀስ ግድግዳ ሲሆኑ ደግሞ፣ ሁለቱ በክብደት ሲቀራረቡ ነገሩ ይብሳል። ደምና የደም ሥር ግድግዳ በክብደት ተቀራራቢ በመሆናቸው፣ በየጊዜ እርምጃው አንድ ጊዜ ብቻ የሚለዋወጥ ስሌት እርምጃው የቱንም ያህል ቢያጥር ሊፈነዳ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2005 የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች በሒሳብ አሳይተዋል። እዚያ ላይ የተለመደው መፍትሔ ደጋግሞ መለዋወጥ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሹኩሮ ማናቤና ኪርክ ብራያን በአሜሪካ ፕሪንስተን የከባቢ አየርንና የውቅያኖስን ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ አጣመሩ። አየር በቀናት ይለወጣል፤ ጥልቅ ውቅያኖስ በመቶ ዓመታት። ሁለቱን እኩል ማስኬድ የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ስለማይችለው፣ የአየሩን አንድ ዓመት ከውቅያኖሱ መቶ ዓመት ጋር አገናኙ። ማናቤ እ.ኤ.አ. በ2021 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከእነሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ግን የተጣመሩ ሞዴሎች አንድ ሕመም ነበረባቸው። አየሩ ሰጠሁ የሚለው ሙቀትና ውቅያኖሱ መቀበል ያለበት ስለማይገጥም፣ ሳይንቲስቶች ልዩነቱን በእጅ እየጨመሩና እየቀነሱ ያርሙት ነበር። ያ እርማት የቀረው የየክፍሉ ሞዴሎችና የወሰኑ ሒሳብ ሲሻሻሉ ነው። ከአንዱ የወጣው ሁሉ ወደ ሌላው መግባት አለበት የሚለው ሕግ ድርድር አያውቅም።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ኦሞ እንመለስ።

ኦሞ ከጊቤ ተነስቶ ወደ ደቡብ እየወረደ የኦሞራቴን ከተማ አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በመንገዱ ላይ በርካታ ቀጠናዎች አሉ። ከላይ የዝናብና የተፋሰስ ቀጠና አለ። ከዚያ የግድቦች ቀጠና ይመጣል፤ ጊቤ አንድ፣ የእሱን ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ የሚቀበለው ጊቤ ሁለት፣ ከዚያም ጊቤ ሦስት። ጊቤ ሦስት ወደ 240 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ 1,870 ሜጋ ዋት አቅም፣ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ አለው። መሙላት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.። ከሱ በታች የኮይሻ ግድብ ሲገነባ ቆይቷል። ቀጥሎ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ውኃ የሚጠልፍበት ሜዳ አለ። ከዚያ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች የሚኖሩበት፣ ጎርፉ ሲመለስ በተወው እርጥበት ማሽላ የሚዘራበት የወንዝ ዳርቻ ይቀጥላል። መጨረሻው ሐይቁ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ በኬንያ ይገኛል።

የመጨረሻውን ወሰን፣ ወንዙ ሐይቁን የሚነካበትን፣ በቁጥር እንየው። ቱርካና መውጫ የለውም። ከሚገባው ውኃ ከአሥሩ እጅ ስምንቱን እስከ ዘጠኙን የሚያመጣው ኦሞ ነው፤ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። የሐይቁን ስፋት በደፈናው 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብንል፣ 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ደረጃውን በ14 ሴንቲሜትር ይለውጠዋል። ፀሐዩ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ በዓመት 16 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ካልገባ ሐይቁ ባለበት አይረጋም። የጊቤ ሦስት ሐይቅ ሲሞላ የቀረው ውኃ በዚሁ ሒሳብ ከ2 ሜትር ደረጃ ጋር ይመጣጠናል። መሙላቱ በተጀመረባቸው ዓመታት ሐይቁ ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ ማለቱ በሳተላይት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ብዙ ዝናብ ጥሎ ሐይቁ ወደ ላይ ተመለሰ፤ የዳሰነችን መሬት ዋጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከመንደራቸው ተነሱ።

እዚህ ላይ ጥምረቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ልብ በሉ። ወንዙ ለሐይቁ ፍሰት ይሰጣል፤ ሐይቁ ለወንዙ ደረጃ ይመልሳል። የኦሞ አፍ ሜዳ ነው። የመሬቱ ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 10 ሴንቲሜትር ነው ብለን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ሐይቁ 1 ሜትር ከፍ ሲል ውጤቱ ወደ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይገፋል። ያን ጊዜ ከላይ የመጣው ጎርፍ ያው ሆኖ ሳለ ከታች መሄጃ አጥቶ ይተኛል። የሐይቁን ደረጃ እንደማይለወጥ አድርጎ የኦሞራቴን ጎርፍ ያሰላ ሰው የወንዙን እኩልታ አንድም ሳይስት መንደሩን ያሰጥማል።

አሁን የብረትና የእንጨቱ ትምህርት ይመጣል። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ በአንድ ቀን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ትክክለኛው የሥራ ድርሻ ሐይቁ ፍሰት ተቀብሎ ደረጃ እንዲመልስ ነው። ሰው ግን ከድካም ለመዳን ሊያገላብጠው ይፈልጋል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳተላይት የሐይቁን ደረጃ ከሰማይ ስለሚለካ፣ ከደረጃው ተነስተን ወንዙ ምን ያህል እንዳስገባ እናስላ ይላል። ቁጥሩን እዩት። የ1 ሴንቲሜትር ስህተት በ7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህ በአንድ ቀን ውስጥ ሲከፈል በሴኮንድ 800 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የኦሞ ዓመታዊ አማካይ ፍሰት በሴኮንድ 500 ሜትር ኩብ ያህል ነው! አንዲት ሴንቲሜትር ስህተት ወንዙን ሙሉ ትውጠዋለች። በዓመት ድምር ዘዴው ይሠራል፤ ለዕለት ማስጠንቀቂያ ግን ዋጋ የለውም። የኦሞ የዕለት ፍሰት ኦሞ ላይ ካልተለካ ከየትም አይገኝም።

የጊዜ ትምህርቱም እዚሁ አለ። ለኤሌክትሪክ የሚሠራ ግድብ ውኃውን አይበላውም፤ በዋናነት ጊዜውን ያዛውራል። የክረምቱን ሙላት አስቀርቶ በበጋ ይለቃል። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ቀጠና የሚለዋወጡት ቁጥር የዓመት ድምር ብቻ ቢሆን መዝገቡ ፍጹም ይገጥማል፤ የገባው ከወጣው አይለይም። ዳሰነች ግን ማሽላ የሚዘራው በዓመት ድምር ላይ አይደለም። ጎርፉ ስንት ቀን፣ በየትኛው ወር፣ እስከ የትኛው ከፍታ ወጣ በሚለው ላይ ነው። የጊቤ ሦስት ዕቅድ ሲወጣ ለታችኛው ተፋሰስ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ የታሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎርፉ ሲበዛም ያጠፋል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ የዳሰነች ሰዎች ሞተዋል፤ ከብት በሺዎች አልቋል። ሲቀር የሚያስርብ፣ ሲበዛ የሚገድል ውኃ በዓመት አማካይ ሊገለጽ አይችልም። የልውውጡ የጊዜ እርምጃ ከአደጋው ፍጥነት ጋር መመጣጠን አለበት። ለጎርፍ ሰዓት ወይም ቀን ነው፤ ለሐይቁ ደረጃ ወር ይበቃል።

ይህ ዘዴ ለእኛ ሁኔታ የሚስማማበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ግድቡን የሚያስተዳድረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ መስኖውን ሌላ፣ ወንዙን የሚለካው ሌላ፣ ሐይቁን የሚያጠናው ደግሞ ሌላ አገር። ሁሉም የየራሳቸው ሞዴል፣ የየራሳቸው ምስጢርና የየራሳቸው አለቃ አላቸው። አንድ ግዙፍ የጋራ ሞዴል ይሠራ ብንል ገና በስብሰባ ዓመታት ያልፋሉ። የሽቫርስ መንገድ ግን ማንም ሞዴሉን እንዲያስረክብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በወሰኑ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች የዕለት ፍሰት፤ ከታች ወደ ላይ የውኃ ደረጃ። የውስጡን ጉዳይ እያንዳንዱ ለራሱ ይያዝ። ሒሳቡ ተረጋግጧል፤ ልውውጡ በትክክለኛው ድርሻ ከተደረገ መልሱ ሁሉም በአንድ ላይ ቢሰላ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። ልውውጥ የሌለበት ስሌት ግን፣ የሠራው ሰው የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ የገዛ ግምቱን መልሶ ከማንበብ አይዘልም።

መሣሪያውም በእጃችን ነው። ለወንዝ ፍሰት ሄክ-ራስ፣ ለከርሰ ምድር ውኃ ሞድፍሎው የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። የተለያዩ ፕሮግራሞችን ወሰን ላይ ለማነጋገር የተሠራው በጀርመን የተጻፈው ፕሬሳይስም በነፃ ይወርዳል። እነዚህን እስክንለምድ ድረስ የዘንጉን ስሌት በስልክ ካልኩሌተር መሥራት ይቻላል፤ የአሸዋ ወንዝን ቀለል ያለ ጥምር ስሌት በኤክሴል መሥራት ይቻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን፤ የዘንጉን ስሌት ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አሠሯቸው፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት ሳያይ፣ የወሰኑን ቁጥር ብቻ እየተቀባበሉ። የወረዳ ባለሙያዎች፤ ሰው ውኃ በሚቆፍርባቸው አሸዋማ ወንዞች ላይ ሚዛን የተሰመረበት ምሰሶ ትከሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ከፍታውንና የቆየበትን ሰዓት፣ በበጋ ደግሞ ውኃው የተገኘበትን ጥልቀት በአንድ መዝገብ ጻፉ። እነዚህ ሁለት ዓምዶች የላይኛውንና የታችኛውን ውኃ የሚያገናኙ የወሰን ቁጥሮች ናቸው፤ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኝም። በመጨረሻ፣ በግድቡ፣ በመስኖውና በሐይቁ ላይ ኃላፊነት ላላቸው ሁሉ፤ ኦሞራቴ ላይ የሚለካው የዕለት ፍሰት ለኢትዮጵያም ለኬንያም ባለሙያ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለዳሰነች አርሶና አርብቶ አደር፣ በየዕለቱ ክፍት ይሁን። ከላይ የሚለቀቀው ውኃም ከመለቀቁ በፊት ይነገር። ሌላው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።